ቅዳሴው ሲቀጥል ሕዝቡ የቀረበት ፋሲካ

የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ በጀርመን አገር እህት ከተማ አለቻት። ስሟ ፋተርሽቴተን ነው፤ ከሙኒክ በስተምሥራቅ፣ ካቶሊክነት ሥር በሰደደበት በባቫሪያ ምድር ትገኛለች። ዝምድናው የተጀመረው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ኦስትሪያዊው የፊልም ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም የመሠረተው «ሰዎች ለሰዎች» ድርጅት በመርሐቤቴ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና የውኃ ጉድጓድ በሚሠራበት ዘመን ነው። ዛሬም ድረስ የጀማን በረሃ ተሻግሮ የሚመጣ በሽተኛ የሚታከምበት እናት ሆስፒታል የዚያ ዘመን አሻራ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን፣ ኮሮና ዓለምን ባዳረሰበት ወቅት፣ ለሁለቱ እህትማማቾች አንድ ዓይነት ትእዛዝ ደረሳቸው፦ ወደ ቤተ ክርስቲያን አትሂዱ፣ ቤታችሁ ጸልዩ። ትእዛዙ በቃል ተመሳሰለ እንጂ ያረፈበት ኑሮ ለየቅል ነበር። ያን ወቅት አንስተን ስንጨዋወት «ተዘግቶ ነበር»፣ «ኧረ አልተዘጋም» በሚል እንከራከራለን። ክርክሩ ብዙ ርቀት አይወስድም፤ መሥዋዕቱ በጀርመንም በኢትዮጵያም አልተቋረጠምና። የቀረው ሕዝቡ ነው። ሕዝቡ ሲቀር ምን ጎደለ ብለን ብንጠይቅ ግን የፋተርሽቴተንና የዓለም ከተማ መልስ ይለያያል። ለሚቀጥለው ወረርሽኝ የሚወጣ መመሪያ ይህን ልዩነት ካላወቀ እንደ ፊተኛው ይሆናል፤ በከተማ ልክ ተሰፍቶ ገጠር ላይ የሚጠልቅ።

ከካቶሊኮቹ እንጀምር። የጣሊያን ጳጳሳት ሕዝብ የሚገኝበትን ቅዳሴ ያቆሙት የካቲት 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት በዚያች አገር ብቻ ከ100 በላይ ካህናት በበሽታው ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሎምባርዲያ ውስጥ ያገለግሉ የነበሩ አዛውንቶች ናቸው። መጋቢት 18 ቀን ማታ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ዝናብ በሚወርድበት ባዶ የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ቆመው ጸለዩ። ከኋላቸው የቆመው የእንጨት ስቅለት በ1522 (እ.ኤ.አ.) ሮም በወረርሽኝ ስትመታ ሕዝቡ በየሰፈሩ ይዞት የዞረው ነበር። ይህን ነገር ልብ ማለት ደግ ነው። በ1522 ስቅለቱን ሕዝብ አጅቦ ዞረ፤ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ሕዝብ በሌለበት ቆመ። በሁለቱ መካከል ያለው የ500 ዓመት ርቀት ስለ ተላላፊ በሽታ የተማርነው ሁሉ ነው።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለእንዲህ ያለው ጊዜ የተመቸ ነገር አለው። አንድ ካህን ምክንያት ካለው ብቻውን ቢቀድስም ቅዳሴው ቅዳሴ ነው። ምእመኑ እሑድ እሑድ የማስቀደስ ግዴታ አለበት፤ ግዴታውን ግን ጳጳሱ በአንድ ደብዳቤ ማንሣት ይችላል፤ አነሣም። መቍረብ ላልቻለ መንፈሳዊ ቁርባን አለ። ኑዛዜ ለመግባት ካህን ላጣም ፍራንሲስ መጋቢት 11 ቀን በጠዋት ስብከታቸው መንገዱን ነገሩት፦ በፍጹም ጸጸት ከእግዚአብሔር ጋር ተነጋገር፣ ካህን ሳገኝ ደግሞ እናዘዛለሁ ብለህ ቃል ግባ። ሁሉም ነገር በሕግ መጽሐፍ ቦታ ቦታውን ይዞ ተቀምጦ ነበርና መዝጋቱ አልቸገረም።

የቸገረው መክፈቱ ነበር። የጣሊያን መንግሥት ሱቅና ፋብሪካ ደረጃ በደረጃ ሲከፍት ቅዳሴን ሳይጠቅስ ቢያልፍ፣ ጳጳሳቱ ሚያዝያ 18 ቀን ማታውኑ የተቃውሞ መግለጫ አወጡ። ከሁለት ቀን በኋላ ፍራንሲስ ለሕዝቡ የማስተዋልና የመታዘዝ ጸጋ እንዲሰጥ ጸለዩ። ሮም ውስጥ ያን ጸሎት ለጳጳሳቱ የተላከ ተግሣጽ አድርገው የሰሙት ጥቂት አልነበሩም። በመጨረሻ ተስማምተው ቅዳሴ ግንቦት 10 ቀን ተከፈተ። ፈረንሳይና አሜሪካ ግን ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የፈረንሳይ ጳጳሳት «ቤተ ክርስቲያኑ ትልቅም ይሁን ትንሽ 30 ሰው ብቻ» የሚለውን ደንብ ከስሰው ኅዳር 20 ቀን 2013 ዓ.ም. አሸነፉ። የብሩክሊን ካቶሊክ ሀገረ ስብከትም ከዚያ አራት ቀን ቀድሞ፣ እንደ አካባቢው የሥርጭት መጠን በ10 እና በ25 ሰው የወሰነውን የኒው ዮርክ ገዥ ትእዛዝ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ አሳገደ።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የጀርመኑ ነው። በሔሰን ክፍለ ግዛት የሚኖር አንድ ካቶሊክ ለፋሲካ ማስቀደስ አለብኝ ብሎ ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ አቤት አለ። ውሳኔው የተሰጠው ሚያዝያ 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ በእነርሱ አቆጣጠር ዕለተ ስቅለት። ፍርድ ቤቱ አቤቱታውን አልተቀበለም፤ ሲያሰናብተው ግን ነገሩን ቀላል አድርጎ አላለፈውም። ክልከላው በሃይማኖት ነጻነት ላይ የተቃጣ እጅግ ከባድ ጣልቃ ገብነት መሆኑን በግልጽ ጻፈ፤ ለጊዜው ግን የሰው ሕይወት ይቀድማል አለ። ደንቡ እስከ ሚያዝያ 11 ብቻ የሚጸና መሆኑን ቆጠረለት፤ በተራዘመ ቁጥር እንደ አዲስ በጥብቅ መመዘን አለበት ሲልም አከለ። ይህ ማሳሰቢያ ባዶ ቃል ሆኖ አልቀረም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ያው ፍርድ ቤት በሌላ ክፍለ ግዛት የአንድ መስጊድ ማኅበር ላቀረበው አቤቱታ፣ ጥንቃቄው ከተሟላ የተለየ ፈቃድ የሚሰጥበት ዕድል ሊዘጋ አይገባም ብሎ ፈረደ። ባቫሪያ ሚያዝያ 26 ቀን የአምልኮ ቤቶችን ስትከፍት የፋተርሽቴተን ካቶሊኮችም ወንበር እየዘለሉ፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ለማስቀደስ በቁ።

ወደ አገራችን እንመለስ። የመጀመሪያው በሽተኛ አዲስ አበባ ላይ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ከመጋቢት 28 ጀምሮ የአንድ ወር የጸሎት ጊዜ አወጀ፤ የየሃይማኖቱ አባቶች በቴሌቪዥን መስኮት እየቀረቡ ጸለዩ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ዝርዝር ደንቡ በአምልኮ ቦታም ሆነ በሌላ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፣ «ሁለት የአዋቂ እርምጃ» የሚለውን መለኪያም ሰጠን። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቅዱስ ሲኖዶስ አገልግሎቱ በተወሰኑ ካህናት እንዲፈጸም፣ ምእመኑ ቤቱ እንዲጸልይ አዘዘ። ቁጥሯ ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ አንድ የማይሞላው የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንም በካርዲናል ብርሃነየሱስ ሱራፌል መሪነት ያንኑ ጎዳና ተከተለች።

የኢትዮጵያ ካቶሊክ ከፋተርሽቴተኑ ካቶሊክ ጋር በእምነት አንድ ይሁን እንጂ፣ በሰሜኑና በአዲስ አበባ ያለው የሚቀድሰው በግእዝ ሥርዓት ነው። የግእዝ ቅዳሴ ደግሞ ለብቻ የሚሉት ነገር አይደለም። መጽሐፉን የገለጠ ሰው እንደሚያየው በየመስመሩ «ይካ»፣ «ይዲ»፣ «ይሕ» እያለ ያከፋፍላል፦ ይህን ካህኑ ይበል፣ ይህን ዲያቆኑ ይበል፣ ይህን ሕዝቡ ይበል። ኦርቶዶክሱ እንዲያውም ከሁለት ቄስና ከሦስት ዲያቆን ካነሱ አይቀደስም ይላል። በ2012ቱ ፋሲካ የሕዝቡን ድርሻ ዲያቆናቱ ወስደው መለሱ። ሥርዓቱ አልተጓደለም ይባል ይሆናል። ሆኖም በየመስመሩ ተራ የተሰጠው ወገን ተራው ሲደርስ በቦታው አልነበረም፤ ይህን የሕግ ደብዳቤ አይሞላውም።

ለፋሲካ አጥቢያ፣ ሚያዝያ 11 ሌሊት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ፖሊስ የቤተ ክርስቲያን በር ይጠብቅ ነበር። ነጠላውን ያጣፋው ምእመን ግን ከአጥሩ ውጭ አስፋልት ላይ ቆሞ፣ ግድግዳ ተሳልሞ፣ ሰግዶ ሄደ። የውጭ ጋዜጠኞች ፎቶግራፉን እንደ እምቢተኝነት ምልክት አሠራጩት። በእኔ ዓይን ግን ሰዎቹ የሚያደርጉት ከወትሮው ብዙም የተለየ አልነበረም።

መርሐቤቴን ወይም መንዝን የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። በደጋው አገር ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አይደለም። መቅደሱ የካህናት ነው፤ ቅድስቱ የሚቆርቡ፤ ቅኔ ማኅሌቱ የደብተሮች። ሌላው ሕዝብ ዝናብ ካላስገደደው በቀር በዐጸዱ ዛፍ ሥር፣ በግንቡ ጥግ፣ በደጀ ሰላሙ ነው የሚቆመው። ሌሊቱን ንጽሕናዬ ጎድሏል ብሎ ያሰበ ከውጭ ይቆማል፤ የወለደች ሴት እስከ ክርስትናው ቀን አትገባም፤ ለገበያ የሚገሰግስ ከመንገድ ሆኖ አማትቦ፣ ደጁን ተሳልሞ ያልፋል። ከአዋቂው መካከል ዘወትር የሚቆርበው ጥቂት ነው፤ ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ በተክሊል የተጋቡ። ርቀቱን ወረርሽኝ አላመጣብንም፤ ከሥርዓቱ ጋር አብሮ የኖረ ነው። «እሑድ መጥቶ መቍረብ» ለሚለው የምዕራቡ ካቶሊክ መዘጋት ማለት የመንበሩ መራቅ ነው። ለመርሐቤቴ ገበሬ መንበሩ ድሮም ከመጋረጃ ወዲያ ነበር።

ታዲያ እርሱ ምን አጣ? መጀመሪያ ያጣው ንክኪውን ነው። መስቀል መሳለም፣ የነፍስ አባትን ጉልበት መሳም፣ ከአንድ ጽዋ መጠጣት። በዕለተ ስቅለት ሲሰግድ የዋለ ሰው ማታ ወደ ካህኑ ቀርቦ በወይራ ቅርንጫፍ ጀርባው ይጠበጠባል፣ ስግደትም ይታዘዛል። ይህ ጥብጠባ በቴሌቪዥን አይሆንም። አዲስ አበባ ላይ የተፈጠረው መፍትሔ ደግሞ ያው ቴሌቪዥን ነበር። ዓለም ከተማ ውስጥ መብራት ባለበት ቤት ይሠራል እንበል፤ ከከተማው ወጥቶ ወደ ወንጭት ወይም ወደ ጀማ ገደል ለሚወርድ አገር ግን «በቀጥታ ሥርጭት ተከታተሉ» ማለት የባዕድ ምክር ነው።

ሁለተኛው ኪሳራ ብዙም ያልተወራለት ነው፤ እኔ ግን ትልቁ ይመስለኛል። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር የጸሎት ቦታ ብቻ አይደለም። በቅጽሩ ጥግ ሰንበቴ ቤት አለ፤ ተራው የደረሰው አባል ዳቦና ጠላ ይዞ ይመጣል፣ ከቅዳሴ በኋላ ይበላል፣ ከዚያ የሚተርፈው፣ ሳይተርፍም የሚቆረሰው፣ ደጁ ላይ ለተቀመጠው የኔ ቢጤ ነው። ወር በገባ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ የሚዞር የጽዋ ማኅበር አለ። ተዝካር አለ። «ከአራት ሰው በላይ አትሰብሰቡ» የሚለው ደንብ ቅዳሴውን ሳይነካ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን አፈረሳቸው። ቀዳሹ ቀደሰ፤ የደጁ ሰው ግን ጦሙን አደረ። ፋሲካ ለየኔ ቢጤ የዓመቱ ትልቁ ገበያ ነው፤ ነውር ካልሆነብኝ እንዲህ ልበለው። ከተማ ላይ ወጣቶች ማዕድ አጋሩ፣ ባለሀብት ዱቄት ሰጠ፣ ቴሌቪዥንም አሳየው። በገጠር ደብር ግን ያን ቀዳዳ የሚደፍን ድርጅት አልነበረም፤ ድርጅቱ ሰንበቴው ራሱ ነበርና።

አንድ የካቶሊክ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በ1576 (እ.ኤ.አ.) ሚላኖ በወረርሽኝ ስትመታ ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይወጣ ታዘዘ። ሊቀ ጳጳሱ ካርሎ ቦሮሜዎ በየመስቀለኛ መንገዱ መንበር አስተክለው ካህናት እዚያ እንዲቀድሱ አደረጉ፤ ሰው በየመስኮቱ ሆኖ አስቀደሰ። ሕዝቡ ወደ ቅዳሴው መምጣት ባይችል ቅዳሴው ወደ ሕዝቡ ሄደ። በእኛ አገር ይህን ለማድረግ መንበር ማስተከል እንኳ አያስፈልግም ነበር። የነፍስ አባት የሚባል ሰው አለና። እርሱ ድሮም በየቤቱ ይዞራል፤ ጸበል ይረጫል፣ ንስሐ ይሰጣል፣ ባልና ሚስት ያስታርቃል፣ ስለ በሽታውም ስለ አዝመራውም ይጠየቃል። ደጅ ላይ ቆሞ፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቆ ይህን ሁሉ ማድረግ ይችል ነበር። ስለ እጅ መታጠብም ከሬዲዮ ይልቅ የእርሱ ቃል ይሰማል።

የዚህን ሐሳብ ጎዶሎ አልደብቅም። ከቤት ቤት የሚዞር፣ ብዙ ጊዜም በዕድሜ የገፋ ሰው ለተላላፊ በሽታ የተመቸ ድልድይ ነው፤ የሎምባርዲያ ካህናት አሟሟት ይህን ያሳያል። እንግዲያው የነፍስ አባቱን ቤትህ ተቀመጥ ማለት ብቻውን አይበቃም፣ እንደ ልብህ ዙር ማለትም ያስጠይቃል። ጭንብል፣ ሳሙና፣ ጥቂት ሥልጠና፣ ወጣት ቄስ ለአዛውንቱ ምትክ፤ ይህ ሁሉ ወጪ አለው፣ አስቀድሞም መዘጋጀት ይጠይቃል። ዝግጅቱ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ከሀገረ ስብከቱ በጋራ እንጂ ከአዲስ አበባ መግለጫ አይመጣም።

መርሐቤቴ የምትገኝበት ሰሜን ሸዋ ደግሞ ለወረርሽኝ እንግዳ አይደለችም። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን ተቀምጠው ሳለ ቸነፈር ገባ። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው የንጉሡ መልስ መዝጋት ሳይሆን መሥራት ነበር፦ በገድሉ ውስጥ ከቸነፈር የሚጠብቅ ቃል ኪዳን ስላለ በቅዱስ ቂርቆስ ስም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ የምኒልክ መቀመጫ የነበረችው ልቼ፣ ከዚያው ከደብረ ብርሃን አጠገብ፣ አንድ የካቶሊክ ጳጳስ እንግዳ ተቀበለች። ካፑቺኑ ጉልዬልሞ ማሳያ፣ አገሬው አቡነ መስያስ የሚላቸው፣ ወደ ሸዋ የመጡት በ1868 (እ.ኤ.አ.) ነው። በኦሮሞና በከፋ አገር ስማቸው የገነነው በስብከታቸው ብቻ ሳይሆን የፈንጣጣ ክትባት በመስጠታቸው ጭምር ነበር፤ ሕዝቡም በፈንጣጣ ስም ይጠራቸው ጀመር። በ1879 (እ.ኤ.አ.) በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጡ። ዛሬ በአማራ ክልል ካቶሊክ እጅግ ጥቂት ነው፤ በ1999ኙ ቆጠራ ከክልሉ ሕዝብ 82.5 ከመቶው ኦርቶዶክስ፣ 17.2 ከመቶው ሙስሊም ነበር። እንግዲህ በሸዋ ምድር በመስቀልና በክትባት መካከል ጠብ የለም ብሎ ቀድሞ ያሳየው፣ ሃይማኖቱ እዚህ ያልጸደቀለት ሰው ነው።

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ መጣ። አዲስ አበባ ላይ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደፈጀ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ተረፉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን ይባላል። ከሚካኤል በዓል ጋር ተጣምሮ የቆየ፣ ሕዝብ ራሱ የያዘው የወረርሽኝ መታሰቢያ ነው። ከኮሮናው የቀረን እንዲህ ያለ ነገር ምንድን ነው? አዋጁ በ2012 መጨረሻ አበቃ፣ የመስቀል ደመራ በተቀነሰ ሰው ተከበረ፣ በጥር ጥምቀት ወደ ቀድሞው ተመለሰ። በመካከሉ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ በ2014 ኅዳር እስከ መንዝና ግሼ ዘለቀ። አፍ መሸፈኛውም ሰንበቴው የተቋረጠበት ወራትም በዚያ ሥር ተቀበረ። በሞትና በስደት ለተጠመደ ሕዝብ «በፋሲካው ምን ጎደለብህ?» ብሎ የሚጠይቅ አልተገኘም።

ጠያቂ አለመኖሩ ሌላም ነገር ያመለክታል። የሔሰኑ ካቶሊክ ተሸንፎም ቢሆን አንድ ነገር አትርፏል፤ ክልከላው ከባድ እንደሆነና ቀን እንደተቆረጠለት በጽሑፍ አስቀርቷል። በእኛ አገር በዚያው ሰሞን የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ በምርጫው መራዘም ተጠምዶ ነበር፤ ስለ አምልኮ ክልከላው ግን እስከማውቀው ድረስ ማንም ችሎት ፊት አልቆመም። እኔ በበኩሌ አባቶች መታዘዛቸውን አልነቅፍም። በመጋቢት 2012 የሚታወቀው ጥቂት፣ የሚፈራው ብዙ ነበር፤ ያን ጊዜ ለመዝጋት መቸኮል ከመዘግየት ይሻል ነበር። የምነቅፈው ስለ ሰንበቴው፣ ስለ ጥብጠባው፣ ስለ ደጁ ሰው አንድም አንቀጽ አለመጻፉን ነው። ሲኖዶሱና መንግሥቱ የተነጋገሩት ስለ ቅዳሴ ነው፤ ቅዳሴው ደግሞ ድሮም አደጋ ላይ አልነበረም።

ነገሩ የትናንት ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ቋራ፣ በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል፣ ኮሌራ ገባ። ከየአገሩ ፈውስ ፍለጋ የመጣው ብዙ ሺህ ሕዝብ የሰፈረው ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ በሌለበት ነበር፤ በሽታው በሰፈሩ ተሠራጭቶ ከተመላሹ ጋር ወደ ሌላ ወረዳ ተሻገረ። እዚያ ቅዳሴ ይዘጋ ወይስ ይከፈት የሚል ክርክር ቦታ የለውም። እንደ ሸንኮራ ዮሐንስ ያሉ ሕዝብ የሚጎርፍባቸው ጸበሎች በሰሜን ሸዋም አሉ። ለእነርሱ የሚያስፈልገው የመጠጥ ውኃ ቧንቧ፣ ከጸበሉ በታች የተቆፈረ መጸዳጃ፣ በሽተኛ ሲታይ ለጤና ጣቢያ የሚደውል አጥማቂ፣ ሰው ሲበዛ «ይብቃ፣ ሳምንት ኑ» የማለት ሥልጣን የተሰጠው የደብር አስተዳዳሪ ነው። ይህ በየትኛው በጀትና በማን ፊርማ እንደሚሆን ደግሞ ክረምት ሳይገባ፣ መንገዱም ሳይበላሽ መወሰን አለበት።